ለእኔ ብቻ የደረሰው መልእክት

ይድረስ ለእህቴ ለኢዲል፣ ጅቡቲ።

አሰላሙ ዐለይኩም፣ እህት ዓለም! እንደምን ሰነበትሽ? ሙቀቱን እንዴት ቻልሽው? ወገብሽስ ተሻለሽ? ልጅሽ ዱኒያ ጥርስ አወጣች ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ እማዬም ደህና ናት። ደህና ናት ማለቴን ይዘሽ አንብቢ፣ እንዳትደነግጪ። በስልክ ያልነገርኩሽ እሷ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው፤ ይህን ደብዳቤ ወደዚያ የሚመጣው ወዳጄ ሉቅማን በነገው ባቡር ያደርስልሻል።

ከሥራ ስገባ እየነካካሁ የምተዋቸውን የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ታውቂያለሽ፤ «አንተ ጀማሪ እንጂ ጨራሽ አይደለህም» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። አንዱን ጨረስኩት። ለመማር ብዬ ነው የጀመርኩት፤ ውሃ ሲነካው የሚያውቅ ትንሽ መሣሪያ ደቻቱ ወንዝ ላይ፣ ከከተማው በላይ አሰርኩ። ጎርፍ ከተራራው ሲወርድ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ለሚነግዱት ሴቶች ስልክ መልእክት ይልካል። ሦስት ጊዜ ላከ፣ ሦስቴም ልክ ሆነ። አቦ፣ ሰፈሩ እንዴት እንዳሞገሰኝ! ድሮ እማዬና ጓደኞቿ ተራራው ላይ ደመና ሲያዩ ዕቃቸውን ይሸክፉ ነበር፤ አሁን ደመናውን ትተው ስልክ ማየት ጀመሩ። «ሙከራ ነው፣ አትመኑት» ማለት ነበረብኝ። ምስጋናው ጣፈጠኝና ዝም አልኩ።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ፕሮግራሙን በአዲስ መንገድ ልጽፈው ስሞክር፣ ሰው በከንቱ እንዳላስደነግጥ ብዬ የሴቶቹን ቁጥር ሁሉ አውጥቼ የራሴን ብቻ አስገባሁ። ከዚያ ከሥራ ተደወለልኝና ቁጥሮቹን ሳልመልስ ወጣሁ። ወላሂ ረሳሁት።

ከሰዓት በኋላ፣ ዐስር ሰላት ካለፈ ወዲህ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቢሮዬ ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ፤ «ጎርፍ መጣ» ይላል። መጀመሪያ ሠራልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ወዲያው የሴቶቹን ቁጥር ማውጣቴ ትዝ ሲለኝ መደወል ጀመርኩ። እማዬ እንደ ልማዷ በጓደኞቿ ስልክ ተማምና የራሷን ቤት ትታ ወጥታለች። አብራት የምትነግደው የጎረቤታችን የዓኒሳ ስልክ ዝግ ነው። በባጃጅ ስደርስ ውሃው ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል፣ እማዬ ዳር ቆማ ትጮሃለች። «ዓኒሳን ሰማዩ ጠቁሯል እንነሳ ብላት፣ መልእክት መች መጣ አለችኝ» ትላለች። ያ ረቢ! ዓኒሳን ሰዎች በገመድ ጎትተው አወጧት። ነፍሷ ተረፈች፤ እግሯ ግን ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

ሰፈሩ «ኔትወርክ ነው» አለ፤ እኔም አፌን ዘጋሁ። ትናንት ልጠይቃት ስሄድ እግሯ በጀሶ ታስሮ ተኝታለች። እንዳየችኝ እጄን ይዛ «ልጄ፣ ይቅር በለኝ፤ ባትሪዬ ማለቁን ሳላይ ቀርቼ ነው እንጂ አንተማ ልከሃል። ስምህን አስጠፋሁብህ» አለችኝ። ኢዲል፣ ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት! ሻይ አቀረቡልኝ፣ ጠጣሁ፣ ምንም ሳልናገር ወጣሁ። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

ይህን ለሉቅማን ሰጥቼ በዚያው እውነቱን ልነግራት ዓኒሳ ቤት እገባለሁ። ቢረግሙኝም ይርገሙኝ። እማዬ ገና ስላላወቀች፣ ስትደውልልሽ አጽናኛት።

ባልሽን ሰማታርን ሰላም በይልኝ፣ ዱኒያን ጉንጯን ሳሚልኝ። አጎታችን ዓደን ዱዓ አድርጎልሻል፣ እማዬም ናፍቃሻለች። ዓኒሳም «ኢዲልን ሰላም በልልኝ፣ እንዳንተ ያለ ወንድም ስላላት ዕድለኛ ናት በላት» ብላኛለች። ይህን ያለችው እውነቱን ሳትሰማ ነው።

ወንድምሽ ካሂን
ድሬዳዋ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.