ለሀብቶም የመረጥኩለት እንጨት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ቅናት ነው፤ ለራሴ እንኳ አልዋሽም። ሀብቶም ሮም፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር ያለው የእንጨት ቶርኖ ቤታችን ከገባ ገና አራት ወሩ ነው፣ እኔ አምስት ዓመቴ። ሽማግሌው አለቃችን ግን ለደንበኛ እንዲታይ መስኮት ላይ የሚቀመጠውን የእንጨት ሳህን እንዲሠራ ያዘዙት እሱን ነው። እኔን ደግሞ «እንጨት ምረጥለት» አሉኝ።

አሎራ፣ እንግዲህ፣ ጣሊያኖቹ ላሪቼ የሚሉትን ጥድ መሰል እንጨት ሰጠሁት። ለበርና ለደጅ ወንበር የሚስተካከለው የለም፤ ዝናብ አይበግረውም። ቶርኖ ላይ ግን አንዱ መስመሩ ልል፣ አንዱ ድንጋይ ነው፤ ይሰነጠራል። በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትጉት ሙጫው ቀልጦ ይለጠፋል። እኔ ከሱ የሠራሁት ሳህን አምና እንዲሁ ተበላሽቶ ምድጃ ገብቷል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የሰጠሁት።

እሱ ግን በየደቂቃው ቶርኖውን እያቆመ መሮውን ይስላል፤ ስል መሮ እንጨቱን አይሰነጥረውም። የብርጭቆ ወረቀት ጭራሽ አልነካም። ሳህኑ ማር መስሎ፣ ልስልስ ብሎ ወጣ።

ሽማግሌው ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ሀብቶም ወደ እኔ ጠቆመ። «እንጨቱን የመረጠልኝ እኮ ታዴ ነው» አላቸው፣ ከልቡ።

ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። «ብራቮ ታዴ፣ እንጨት ታውቃለህ።»

በአምስት ዓመት ውስጥ ያገኘሁት የመጀመሪያ ምስጋና ይኼ ሆኖ አረፈው።