ባለ አንድ ዓይኑ ካፒቴን

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ለአራተኛ ጊዜ እያነበብኩት ነው። ሻዬ ቀዝቅዟል። እማዬ ሁለቴ ጠርታኛለች። አልሰማሁም ብያለሁ። ሰምቻለሁ።

ደብተሬ፣ መጣ! በሥዕል የሚተረከው መጽሐፍ፣ «የሰማይ ጠራጊዎች» ክፍል ሁለት! ሦስት ዓመት ጠብቀን፣ ዛሬ ከጎንደር በመጣው አውቶቡስ ከደብተርና ከእስክሪብቶ ካርቶን ጋር ተጭኖ እኔ የምሠራበት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ደረሰ። ካርቶኑን በጥርሴ ነው የቀደድኩት ማለት ይቻላል። ባለ ሱቁ ጋሼ ደንበኛ ቆሟል እያለኝ ነበር። ይቁም።

ክፍል አንድን (ከዚህ ወዲያ ክ.1) ስላላነበብሽ ባጭሩ ልንገርሽ። ዘመኑ ገና የሚመጣ ነው። ሰማዩ በተሰባበረ ሳተላይት ቆሽሿል። «ጎህ» የምትባል መንኮራኩር እየዞረች ትጠርጋለች። ካፒቴን ደምሰው እና መካኒኳ ሶስና አሉባት። አንድ ቀን የጨለመ አሮጌ የጠፈር ጣቢያ ያገኛሉ። ውስጡ አንድ ድምፅ አለ፤ የሰሚውን የራሱን ድምፅ ወስዶ ይናገራል። ሁለቱ ይገባሉ። ካፒቴኑ ድንገት ሶስናን ወደ ውጭ ገፍትሮ የብረቱን በር ከውስጥ ይዘጋል። አለቀ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን በር ስናይ ኖርን። ከዳት ወይስ አዳናት?

ክ.2 ላይ በሩ ይከፈታል። ካፒቴኑ ይወጣል። ሊያድናት ብሎ እንደዘጋው ይናገራል። ይታረቃሉ፣ ወደ ምድር ይመለሳሉ። ሠዓሊው አዲስ ነው። ሥዕሉ ባለ ቀለም ነው፤ ከዋክብቱን በእጅ መንካት ያሰኛል። ታሪኩ ግን... እንጃ። ጨው የጎደለው ወጥ። ልጆቹ ይምጡና እናየዋለን።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ፣ ከሥራ በኋላ

ሱቁ ሊፈርስ ነበር።

ሀብታሙ (ሀ.) ከቡይት ራስ ወርዶ መጣ። የስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ አስጎብኚ ነው፤ እዚያ ላይ ብርድ እንጂ ወሬ የለም፣ ስለዚህ ወሬውን አጠራቅሞ ይወርዳል። ፍሥሐም (ፍ.) መጣ። ዲያቆን ነው፣ ደረስጌ ተወልዶ ያደገ፣ አሁን እዚህ ደባርቅ የሚያገለግል። ሦስታችን ነን የዚህ ታሪክ እብዶች። በከተማው አራተኛ አላገኘንም።

ሀ. ለክ.2 ሞቷል። «ጎህ» በስሜን ተራራ ላይ ስታልፍ ገደሉ ጫፍ የቆመ ዋልያ አለ። የቀንዱ ቋጠሮ፣ የጢሙ አወራረድ፣ ሁሉም ልክ ነው ይላል። በክ.1 ያለው ዋልያ ግን ፍየል ነው፣ ያውም የታመመች ፍየል። ዋልያ መሣል ያቃተው ሰው ስለ ጠፈር ምን ሊያውቅ ነው? እያለ ጠረጴዛ ይመታል።

ፍ. እስኪጨርስ ጠበቀው። ከዚያ ሁለቱን መጽሐፎች ጎን ለጎን ዘረጋ። ጣቱን በክ.1 ካፒቴን ላይ አድርጎ ገጹን ይገልጥ ጀመር። በጎን። በጎን። አሁንም በጎን። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ በሩ ድረስ ሰውየው አንዴም ፊቱን አልሰጠንም! አንድ ዓይን ብቻ። ሶስና ደግሞ ፊት ለፊት ነች፣ የራስ ቁሯ መስታወት ላይ ብርሃን ተረጭቶበት።

ደብተሬ፣ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እያየ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያይሻል፣ ሰይጣንና ከሃዲ በጎን፣ ባንድ ዓይን ይሣላሉ። ክፉ ዓይን ከምእመን ዓይን እንዳይገጥም ነው። እንግዲያው ካፒቴኑ ከሃዲ ነው! ሠዓሊው ከጥንት ከጠዋቱ ነግሮናል! የሶስና መስታወት ላይ ያለውን ብርሃን ደግሞ ፍ. አክሊለ ብርሃን ብሎታል። የክ.2 ሠዓሊ ደንቡን ስላላወቀ ለካፒቴኑ ሁለት ዓይን ሰጥቶ አጸደቀው።

ፍ. መጽሐፉን ዘግቶ «ደራሲው ይቅር ቢለውም ሥዕሉ ኮንኖታል» አለ። ሀ. እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ፣ ገበያው ሲበተን

አራት ጊዜ አንብቤ የኋላ ሽፋኑን አላየሁም! ዛሬ እርሳስ የሚገዛ ገበሬ መጽሐፉን ገልብጦ አስቀመጠው። ለክ.3 አዲስ ሠዓሊ ይፈለጋል ይላል። አራት ገጽ፣ በእጅ የተሣለ ዋናው ሥዕል፣ ከታሪክ ሐሳብ ጋር፣ ኅዳር ሳያልቅ አዲስ አበባ እንዲደርስ። ሥራው የተመረጠለት ሰው ክ.3ን ይሥላል።

ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ እሥላለሁ። በተበላሸ ፎቶ ኮፒ ጀርባ። ይህን የምታውቁት አንቺና ሁለቱ ልጆች ናችሁ። እማዬ ወረቀት አባካኝ ነው የምትለኝ። በዓለም ላይ የምመኘው ሥራ አንድ ነው፣ እሱም በሽፋን ጀርባ ተጽፎ ሱቄ ድረስ መጣልኝ። እፈልገዋለሁ። በጣም እፈልገዋለሁ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ሁለት ገጽ ሣልኩ። ልክ እንደ ክ.2። ጥላው፣ ጭሱ፣ የከዋክብቱ ብናኝ። ሀ. በፎቶ አይቶት ከተራራው ላይ ደውሎ በደስታ ጮኸልኝ። ፍ. መጥቶ አየ፣ አገላበጠ፣ የአንቺ እጅ የቱ ጋ ነው? ብሎ ጠየቀኝ። ተናደድኩ። አባረርኩት።

ከሄደ በኋላ ግን... ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። እኔ ነኝ ዶሮዋ።

ሌላም ጣጣ አለ። የካፒቴኑን ፊት ፊት ለፊት መሣል አቃተኝ። አንዱ ዓይን ይወጣል፣ አንዱ ይወርዳል። ላጲሱ ወረቀቱን በሳው።

ፍ. የክ.1ን ሠዓሊ ሊጠይቀው ነው። ስልኩ መጨረሻ ገጽ ላይ አለ። ለጳጳስ እንደሚጻፍ ያለ ረጅም መልእክት ጻፈለት። ስለ አንድ ዓይን፣ ስለ አክሊለ ብርሃን። ኔትወርክ ሲገኝ ይሄዳል።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ ሚካኤል

መልስ መጣ! ከንግሡ እንደወጣን ሦስታችን አጥር ሥር ቆመን አነበብነው።

ደብተሬ፣ ሰውየው ስለ ግድግዳው ደንብ በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም። ከተማ ነው ያደገው። ካፒቴኑን በጎን የሣለው ሁለት ዓይን እኩል አድርጎ መሥራት ስለማይችል ነው! በትሕትና ነው የጻፈው፣ እየሣቀ። የሶስና መስታወት ላይ ያለው ብርሃንስ? አንዱን ዓይኗን ለመሸፈን። ዋልያውም አስቸግሮት እንደነበር አክሏል።

ሀ. አጥሩን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሣቀ። አክሊለ ብርሃን! አክሊለ ብርሃን! ይላል። የፍ. ፊት ግን ጠቆረ። ነጠላውን አስተካክሎ ሄደ። እኔም ሥቄያለሁ፣ ከዚያ ሆዴ ባባ። ያን ያህል አምኖ ነበር። እኔም አምኜ ነበር።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት

ቆይ ቆይ ቆይ።

ክ.1 ላይ ወደ ጣቢያው የገባው ሰው አንድ ዓይን አለው። ክ.2 ላይ ከበሩ የወጣው ሁለት ዓይን አለው። እኛ ሠዓሊ ተቀየረ አልን። ለምን ሰውየው ራሱ አልተቀየረም? ውስጥ ያለው ድምፅ የሰው ድምፅ ይወስዳል ተብሏል እኮ! ድምፅ የወሰደ ፊት አይወስድም?

የወጣው ካፒቴኑ አይደለም! ካፒቴኑ እስከ አሁን ከበሩ ኋላ ነው!

እየዘለልኩ ነው። እማዬ ምን ነካሽ አለች።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ነገርኳቸው። ሀ. ሱቁን ለቆ ወጥቶ አስፋልቱ ላይ አንዴ ዞሮ ተመለሰ። ክ.1 ጥሩ ነው ማለት ጀመረ፣ አቤት የሰው ልጅ!

ፍ. ኩርፊያው ለቀቀው፣ ግን ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። ደጉ በጎን፣ ሐሰተኛው ፊት ለፊት ከሆነ ደረስጌ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ካለው የተገለበጠ ነገር ነው፤ እዚህ አገር ማንም አይቀበለውም። እውነቱን ነው። ተጨቃጨቅን፣ ደንበኛ ወጣ ገባ፣ ጋሼ አጉረመረመ። መጨረሻ ላይ አራተኛው ገጽ ታየኝ። በሩ ይከፈታል፣ ሁለቱ ካፒቴኖች ይገናኛሉ። እውነተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ እኛ ይመልሳል። በሁለት ዓይኑ ያየናል። ያኔ ሐሰተኛው በጎን ይቀራል። ፍ. እጁን አፉ ላይ ጫነ።

የዶሮዋን ሁለት ገጾች ለምድጃ ሰጠሁ። እንደ ራሴ፣ በቀጭን ብዕር፣ እንደ አዲስ ጀመርኩ።

ግን ያ ፊት! ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በዚያ ፊት ላይ ነው፣ እኔም እንደ ክ.1 ሠዓሊ ሁለት ዓይን መሣል አልችልም። ፍ. ነገ ዳባት እንሂድ አለ። አጎቱ እዚያ ናቸው፣ መሪጌታ አስረስ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሥሉ።

ኅዳር 15፣ እሑድ፣ ከዳባት ስንመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ (ጽሑፌ ይዘላል)

ጾም ገብቷል፣ ሽሮ ቀርቦልን በላን። መሪጌታ ሁለቱንም መጽሐፍ ቀድመው ከፍ. ተውሰው አንብበዋል! ክ.1ን በዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ከተውታል። ፍ. ይመልሱልኝ ቢል አልሰሙም።

ሐሳቤን ነገርኳቸው። ቁና ቁና እየተነፈስኩ። ከዚያ ጠየቁኝ፤ «ታዲያ ያ ምስኪን ከበሩ ኋላ ሲቀር፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ቀምሶ ኖረ?»

ይህን አላሰብኩም ነበር! ከዚያ መልሱ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ድምፁ ነው የሚመግበው አልኩ። የሰረቀው ፊት የሚቆይለት ባለ ፊቱ በሕይወት እስካለ ብቻ ነው፤ ከሞተ ፊቱም ይወድቅበታል። መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ፊቱን የሰረቁትን ሰው እያበሉ ማቆየት ከማስራብ የባሰ ክፋት ነው አሉ።

ስለ ዓይኑ ነገርኳቸው። ሥራዬን አዩ። ሳቅ አሉ። ብርሃኑ ወዳለበት ወደ በሩ ቀረብ ብለው ተቀመጡና፤

«እኩል አታድርጊያቸው፣ ልጄ። እስቲ የኔን እዪ።»

አየሁ። የግራ ዓይናቸው ቆብ ወርዷል፣ ቀኙ ሰፋ ያለ ነው። አንዱ የደከመ፣ አንዱ የሚጠብቅ። ሳልጠይቅ እርሳሴን አወጣሁ። እሳቸውም ሳልጠይቃቸው ሳይንቀሳቀሱ ተቀመጡልኝ። ፍ. ውኃ ሊያመጣ ሄዶ እስኪመለስ ካፒቴን ደምሰው ወረቀቴ ላይ ነበር። እያየኝ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ በጾም እንኳ።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

አለቀ። አራት ገጽ። አራተኛውን ለእማዬ አሳየኋት። አየችው፣ ቆየች፣ ይሄ ሽማግሌ ማነው፣ የሆነ ነገር ሊነግረኝ ፈልጓል አለችኝ። ስለ ወረቀቱ ምንም አላለችም።

በፖስታ ልላከው? በሰው ልላከው? ቢጠፋስ? ከጎንደር ወዲያ ሄጄ አላውቅም።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ፣ ጽዮን

ወሰንኩ። እኔው እወስደዋለሁ። ጋሼን ፈቃድ ጠየቅኩ፣ አጉረምርሞ ሰጠኝ። ፍ. ከቅዳሴ መልስ ገጾቹን በካርቶን ጠቅልሎ በፕላስቲክ አሰረልኝ። ቢያሸንፉሽም ፊቱን አንዴ አይተውታል፣ መካድ አይችሉም አለኝ። ባላሸንፍስ አልኩት። ክ.3ን እዚሁ ሱቅ በፎቶ ኮፒ እናወጣዋለን፣ እኔ እሰፋዋለሁ አለ። የዲያቆን ሴራ።

ኅዳር 22፣ እሑድ፣ 11 ሰዓት ተኩል ንጋት፣ አውቶቡስ ላይ

መስኮት ዳር ነኝ። ብርድ! ካርቶኑ ጭኔ ላይ ነው። ሁለቱ ውጭ ቆመዋል። ፍ. መስቀል እንደሚያሳልም ሰው መስኮቱን ይዞታል። ሀ. ትናንት ማታ ነው የደረሰው፣ ገጾቹን ገና አሁን በስልኩ ፎቶ እያያቸው ነው። ሞተሩ ተነሣ።

ሀ. መስኮቱን እየደበደበ ነው። ሦስተኛው ገጽ! ይላል። ዋልያው! ቀንዱ ተሳስቷል፣ ፍየል ነው፣ ውረጂና አስተካክዪው!

አየሁት። እውነቱን ነው። ፍየል ነች።

አልወርድም። ትሂድ እንዳለች። የክ.1 ሠዓሊ ባይሳሳት ኖሮ እኔ እዚህ ወንበር ላይ አልቀመጥም ነበር። ማን ያውቃል፣ ደብተሬ፣ አንድ ቦታ አንዷ ይህችን ፍየል አይታ፣ ዋልያው ለምን ፍየል ሆነ ብላ፣ ክፍል አራትን ትሥል ይሆናል።