እርስዎ ባሉኝ ቦታ

ውድ ጋሽ መብራህቱ፣

ሰላምታዬ ቢያጥርብዎ አይክፋዎት። እኔ ደህና ነኝ፣ እዚህ እንደ እናት የሆኑልኝ እትዬ ተብለጽም ደህና ናቸው፤ ከዚህ በታች ያለው ግን ደህና አይደለም። በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ድምፅዎን ስሰማ ምላሴ ይተሳሰርና "አቤት ጋሼ" ብዬ እጀምራለሁ፣ "እሺ ጋሼ" ብዬ እዘጋለሁ። ወረቀት ላይ እርስዎም አያቋርጡኝም፣ እኔም እሺ የምለው ሰው የለም።

የምጽፍልዎ ከኦስቲያ ነው። የሮም ሰው በበጋ ፀሐይ ሊሞቅ በባቡር የሚመጣበት የባሕር ዳር ሰፈር ነው። እኔ ጠዋት ጥላና ወንበር አሸዋው ላይ እዘረጋለሁ፣ ሲመሽ አጥፌ እደረድራለሁ። ሮም ያስተማረኝ ኮሌጅ ለመጪው ዓመት ስኮላርሺፔን አላደሰውም፤ የተማሪ ፔርሜሶዬም፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ጥቅምት ላይ ያልቃል። በኳስ የመጣ ልጅ ኳሱ ሲቀር የሚተርፈው ነገር ትንሽ ነው። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ከእርስዎ በፊት ሊሰማ የሚገባው ሰው ስለሌለ ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ መስከረም ላይ ነው። ሚስተር ራፋኤሌ (እዚህ አሰልጣኝን ሚስተር ነው የሚሉት) መልበሻ ክፍል ውስጥ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው አዲስ የገባነውን አንድ በአንድ "የት ነው የምትጫወተው?" እያሉ ጠየቁን። የሮም ልጆች አፋቸውን ሞልተው መለሱ። ክሪስቲያን የሚባል፣ ኳስና እግሩ የተጣሉበት ልጅ "አጥቂ" አለ፣ ሳይስቅ። ተራዬ ሲደርስ እጄን ወደኋላ አድርጌ፣ አንገቴን ደፋ አድርጌ፣ ትምህርት ቤት መነኮሳቱ ባስተማሩኝ ጣሊያንኛ "እርስዎ ባሉኝ ቦታ" አልኩ። ኮርቼ ነበር እኮ። እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ አይተው አያውቁ ይሆናል ብዬ ነበር። ሚስተር ፊቴን ትንሽ አዩና "ቫ ቤኔ" (እሺ፣ ይሁን) ብለው ወደሚቀጥለው አለፉ። ከስሜ ጎን ምንም አልጻፉም።

በትምህርት ቤቱ አሰልጣኝነትዎ የጻፉልኝ የድጋፍ ደብዳቤም ፋይላቸው ውስጥ ነበር። "ተጫዋች ደበሳይ በየትኛውም ቦታ ቢሰለፍ የሚጫወት፣ እጅግ ታዛዥና ምስጉን ጠባይ ያለው ነው" ይላል፣ ከነማኅተሙ። እኛ ዘንድ ከዚህ በላይ ምን ይጻፋል? እዚህ ግን ይህን ያነበበ ሰው የሚረዳው ልጁ የራሱ ቦታ እንደሌለው ነው። ሙሉውን ገጽ አመሰገኑኝ፤ አስር ቁጥር፣ ጨዋታውን ከመሀል የምመራ መሆኔን ግን አንዲት መስመር ላይ እንኳ አልጻፉትም።

በእርስዎ ሜዳ "ቦታ የሚመርጥ ሙሽራ ብቻ ነው" ይሉን ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ፍቅረ ማርያም "ጋሼ፣ እኔ አጥቂ ነኝ" ቢልዎ ወር ሙሉ ከመስመር ውጭ ኳስ አስለቀሙት። ሳቅንበት፤ እኔም ከሁሉ በላይ ሳቅሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲሉን ምክር መስሎን በደብተራችን ጀርባ ጽፈነው ነበር። እውነትዎን ነው፣ ዝንብ አልገባም። ሌላም ነገር አልገባም።

ግን ጋሼ፣ እኔን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ መሀል ሜዳ ያቆሙኝ እርስዎ ነዎት። ሳልጠይቅዎ ነው የሰጡኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም፤ አይተውኝ ነበርና። የሚያየኝ ሰው ስለነበረ መናገር ሳያስፈልገኝ አደግሁ። ከዚያ ማንም ወደማያውቀኝ አገር አፌን ዘግተው ላኩኝ። አንጀቴን የሚያሳርረው ይሄ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ግራ ተመላላሹ ሲታመም ግራ ተመላላሽ ሆንኩ። ሲሻለው ቀኝ መስመር ላይ ወጣሁ። ኅዳር ላይ ተከላካይ ጎደለ ተብሎ መሀል ተከላካይ ቆምኩና ከኔ በሁለት ክንድ የሚረዝም አጥቂ ስጎትት በቀይ ወጣሁ። አንድ ሰሞን በረኛ ስለጠፋ ልምምድ ላይ ግብ ውስጥ አቆሙኝ፤ እሺ አልኩ። ልጆቹ "ታፓቡኪ" የሚል ስም አወጡልኝ፤ ቀዳዳ መድፈኛ ማለት ነው። በክፋት አልነበረም፤ ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ ነው የሚጠሩኝ። ቀዳዳ በሌለ ቀን ደግሞ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ጃኬቴን ለብሼ እውላለሁ።

አምና ለፋሲካ ደውለው "የት ያጫውቱሃል?" አሉኝ። "አስር ቁጥር" አልኩዎ። ውሸቴን ነው፣ ጋሼ። የዚያን ሳምንት ጨዋታ ከወንበር አልተነሳሁም ነበር። እርስዎ ስልኩ ውስጥ "አላልኳችሁም!" ብለው አጠገብዎ ላሉት ሲያወሩ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ እውነቱን ማን ይናገር? እስከ ዛሬ ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ።

ያስተዋሉኝ እትዬ ተብለጽ ናቸው። ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ አንዲት አሮጊት የሚጦሩ ባዳንቴ ናቸው፤ እሑድ እሑድ ከቅዱስ እስጢፋኖስ ቅዳሴ ስንወጣ ወስደው ያበሉኛል። ዘንድሮ የካቲት ላይ ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን እንደያዙ ጨዋታ ሊያዩ መጡ። ኳስ አያውቁም። በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ሁለት ቦታ ቀያየሩኝ። ሲያልቅ ከአጥሩ ማዶ እንዲህ አሉኝ፦

"አሎራ፣ እንግዲህ፣ አንተ ልጅ፣ ሰርግ ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ወንበር እንደሚያስለቅቁት ዘመድ ሆንክሳ።"

"እትዬ፣ አሰልጣኝ ያለው ነው እኮ።"

"አሰልጣኙማ ምን ያድርግ? እኔ ሥራ የገባሁ ቀን ለሲኞራዬ ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? ምግብ እሠራለሁ፣ ልብስ እተኩሳለሁ፣ መስኮት ግን አልወለውልም፣ ከፍታ ያዞረኛል አልኳት። ቫ ቤኔ አለች። አስራ አንድ ዓመት መስኮት ነክቼ አላውቅም።" ዘንቢሉን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩና ቀጠሉ፦ "ልጅም ካላለቀሰ ጡት አይሰጠውም። ሂድና ንገራቸው።"

ለመሄድ ሁለት ወር ፈጀብኝ። በየቀኑ ልምምድ ካለቀ በኋላ የሚስተርን ቢሮ በር አልፈዋለሁ። ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ሳላስበው አንኳኳሁና ቆሜ "ሚስተር፣ እኔ አስር ቁጥር ነኝ" አልኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከአስራ ሦስት ዓመቴ።"

"ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም? ጠይቄህ ነበር እኮ፣ ደበሳይ።"

ጋሼ፣ ይሉኝታን ለጣሊያን እንዴት እንደሚያስረዱ ካወቁ ይጻፉልኝ። እኔ ቆሜ ጫማዬን አየሁ። ቢሰድቡኝ፣ ጥቁር ነህ ብለው ቢንቁኝ እንኳ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር። ሰውዬው ግን ጠይቀውኝ ነበር። ትክክል ናቸው፣ እኔ ደግሞ ትክክል ለመሆን ስል ነው ዝም ያልኩት።

ግንቦት ላይ፣ በዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ አስር ቁጥሩን ሰጡኝ። እትዬ ተብለጽ ለሲኞራዋ ዋሽተው ከሥራ ወጥተው መጥተዋል። የመጀመሪያዋ ኳስ በሦስተኛው ደቂቃ መጣችልኝ፤ ጀርባዬን ለግቡ ሰጥቼ መሀል ላይ ነኝ፣ ተከላካዩ ሩቅ ነው። በእርስዎ ሜዳ ቢሆን ሳላስብ ዞሬ ሄጃለሁ። እግሬ ግን ወደኋላ መለሳት፣ ለበረኛው። ሁለተኛዋ ስትመጣ እኔ ግራ መስመር ላይ የሰው ቀዳዳ ልደፍን ሮጫለሁ፤ ኳሷ ባዶ ቦታ ላይ አረፈች። አስር ቁጥር ወዳለበት ተመልሼ ስቆም የጎረቤት ቤት የገባሁ ያህል ተሰማኝ። ክሪስቲያን እጁን ዘርግቶ "ዙር! ዙር እንጂ!" ይለኛል። መዞር አቃተኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወደኋላ ሲያዩ የኖሩ ዓይኖች በአንድ ቀን ወደፊት አይመለሱም።

በስልሳኛው ደቂቃ ቀየሩኝ። ሚስተር ትከሻዬን ያዝ አድርገው "ጥሩ ልጅ ነህ፣ ደበሳይ" አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ያበቃልኝ መሆኑን ያወቅሁት። እዚህም እዚያም ጥሩ ልጅ የሚባለው ሌላ የሚባልለት ሲጠፋ ነው። እትዬ ተብለጽ እስከ ትራሙ ድረስ ክንዴን ይዘውኝ ሄዱ።

ምነው ቦታውን ጨርሶ ባልሰጡኝ እላለሁ አንዳንዴ። ከልክለውኝ ቢሆን ኖሮ "ቢሰጡኝማ ኖሮ" እያልኩ ዕድሜዬን እገፋ ነበር። አሁን እሱም የለኝም።

ባለፈው ሳምንት የላኩልኝን የድምፅ መልእክት አሸዋው ላይ ቆሜ ሰማሁት። ለትምህርት መዝጊያ ቀን፣ ታዛዥነት የት እንዳደረሰኝ ለልጆቹ አምስት ደቂቃ ንገርልኝ አሉኝ። "ሮም ያለው አስር ቁጥራችን" ብለው ሊያስተዋውቁኝ ነው። እንደ ልማዴ እሺ ብዬ መቅዳት ጀመርኩ። "ውድ ወንድሞቼ" አልኩ። አጥፍቼ ጀመርኩ፣ ደግሜ አጠፋሁ።

ጋሼ፣ እጄ የተሰበረ ጊዜ ከሜዳ እስከ ጤና ጣቢያው አዝለው የወሰዱኝን አልረሳሁም። እወድዎታለሁ። ከእርስዎ በላይ የተቀየምኩትም ሰው የለም። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አላስለቀቀልኝም።

ልጆቹን አላነጋግርልዎም። እምቢ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ይህን ቃል ለእርስዎ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ስለ እኔ የነገሯቸው ሁሉ ሐሰት መሆኑን እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ፊታቸው ቆሞ ማፈሩ ግን የእርስዎ ድርሻ ይሁን፣ የእኔን ሁለት ዓመት አፍሬዋለሁ።

ጤና ይስጥልኝ፣ ይሰንብቱ።

ደበሳይ
አስር ቁጥር