ከግራ ሲመጣ የሚያጉረመርመው ሰይፍ

እማዬ፣

ሳሉ ተወሽ ወይ? እንቅልፍሽስ እንዴት ነው? አክስቴ አሁንም ኩሽና አላስገባም እያለች ትታገልሻለች? ከአባዬ ጋር ተኳርፋችሁ እሷ ጋ ከሄድሽ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። «እኛ ደህና ነን» ብዬ እንዳልጀምር፣ ደብዳቤዬን በውሸት መክፈት ይሆንብኛል። ግን አትደንግጪ፣ ተቀምጠሽ አንብቢው።

አባዬ በአዲሱ ቴአትር ሽማግሌውን ንጉሥ ሆኖ ይጫወታል። ሰይፎቹን የሠራሁት እኔ ነኝ። ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ናቸው፤ በውስጣቸው የጥቃቅን አምፖሎች ጥብጣብ አለ፣ እጀታቸው ውስጥ ደግሞ ባትሪ፣ ትንሽ ድምፅ ማጉያና አውራ ጣት የምታክል፣ ማይክሮኮንትሮለር የምትባል ኮምፒውተር። ሰይፉ በየት በኩል እንደተወዛወዘ እያወቀች ድምፁንም ብርሃኑንም የምታዘው እሷ ናት። መጀመሪያ ላይ አላርፍ ብላኝ ነበር። የቴአትሩ አዘጋጅ በር በዘጋ ቁጥር ጠረጴዛ ላይ የተኛው ሰይፍ ይጮኻል። አባዬማ «ይሄስ የኔው ዘር ነው፣ ሳይነኩት ይቆጣል» እያለ አሳቀን።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። በልምምድ ላይ፣ ለቁመቱ ቀጭኔ የምንለው ወጣት ተዋናይ የሰነዘረውን አባዬ ሳይመክት ቀርቶ ትከሻው ላይ አረፈበት። አንዴ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ተደጋገመ። ከዚያ ወደ ሥራ ክፍሌ መጥቶ በሩን ዘጋና ዓይኑ እየደከመ መክረሙን ነገረኝ። «በግራዬ የሚመጣው ጨርሶ ይጠፋብኛል። ሐኪሙም አይመለስም ብሎኛል። አዘጋጁ ከሰማ ቦታዬን ለሌላ ይሰጥብኛል፤ እባክሽ ይቺን ብቻ ልጨርሳት» አለኝ። አባዬ ሲለማመጥ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የቀጭኔን ሰይፍ ፈታሁና ትእዛዙን እንደገና ጻፍኩት። በአባዬ ግራ ሲመጣ በወፍራሙ ያጉረመርማል፣ በቀኙ ሲመጣ በቀጭኑ ያፏጫል። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ተለማመደበት። ለቀጭኔ «ለድምቀት ነው» አልኩት።

የመክፈቻው ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። አባዬ አንዱንም ሳይስት ሲመክት ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አየሁ። በመጨረሻው ፍልሚያ መሐል ግን ሰይፎቹ በኃይል ሲጋጩ ሽቦ ተነቀለ መሰለኝ፣ የቀጭኔ ሰይፍ ጭጭ አለ። አባዬ ባለበት ደርቆ ቆመ።

ቀጭኔ አልሰነዘረም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና፣ ጽሑፉ ላይ በሌለ ቃል፣ «ንጉሥ ሆይ፣ በግራህ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። አባዬ መከተ። «አሁንስ በቀኝህ!» መከተ። ተመልካቹ ድፍረት መስሎት ብድግ ብሎ አጨበጨበ። በኋላ ቀጭኔን የአባዬን ዓይን ነገር መቼ እንዳወቀ ብጠይቀው፣ «ትከሻውን የመታሁት ቀን» አለኝ። ለማንም ትንፍሽ አላለም።

አባዬን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ዘውዱን ጭኑ ላይ አድርጎ አገኘሁት። «የዓይኔን ነገር ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። አዝናልኝ እንድትመጣ አልፈልግም» አለኝ። «ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍላት?» ብዬ ብጠይቀው፣ ዘውዱን ወደ ጎን አኖረና፣ «ቤት ውስጥ አንድም ዕቃ ከቦታው አላነሳሁም በያት። ወንበሯም እዚያው መስኮቱ ሥር ነው» አለኝ።

ይኸው ሁለቱንም ነገርኩሽ። መቆጣቱ አይቀርምና አንቺው አስታርቂን። አምላክ መንገድሽን ሁሉ ያቅናልሽ።

አፈ ቀላሏ ልጅሽ