ዛፍ ላይ የተሰቀለው ሰደርያ

ለውድ ወንድሜ ለዌንደል፤

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ እንዴት ሆነ? ጆአን ከአልጋ ሲነሳ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል ብላ ጽፋልኝ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። እሷስ ደኅና ናት? ቴስ ፈተናዋን ጨረሰች? ኬለብን ያ ሳል ለቀቀው? እናንተ ጋ፣ በዓለም ማዶ፣ አሁን በጋ ገብቶ ሙቀቱ እየበረታ ነው፤ እኛ ጋ ሌሊት የወረደው በረዶ የጓሮውን በር አላስከፍት ብሎኝ ከአካፋ ጋር ስታገል አረፈድኩ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። አባባም ደኅና ነው። ይህን አስቀድሜ የምጽፍልህ ቀጥሎ ያለውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ነው። በሕይወት አለ፣ ይበላል፣ ይሳደባል፤ አሁንም ወጥ ቤት ሆኖ ምድጃው ላይ እንጨት አብዝተሻል እያለ ይነጫነጫል።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ግን አውቅሃለሁ፤ ግማሹን ሳልጨርስ ትጮህና ሌላውን ግማሽ ሳትሰማ ትዘጋዋለህ። ደብዳቤ ላይ አትጮህም። ኦገስት ላይ ደውለህ «ጠመንጃውን ውሰጂበት፤ ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ጆሮው አይሰማም፣ ጫካውም ጫካ መሆኑ ቀርቷል» ስትለኝ አባባ የመስሚያ መርጃ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «ራሱ መጥቶ ከእጄ ይውሰዳ!» ያለህን አንተም ሰምተሃል። ከዚያ ወዲህ ስምህ ሲነሳ ወይ ሬዲዮ ይከፍታል ወይ ወደ በረት ይወጣል። በመካከላችሁ ቆሜ እንዲህ እንደተኳረፋችሁ ክረምት ሊገባ ነው ብዬ ሳዝን ነበር የከረምኩት።

አንተ የምታውቀው ሸለቆ ዛሬ የለም። ጋዝ የሚቆፍሩት ሰዎች ለከባድ መኪኖቻቸው ብለው የድሮውን የእንጨት ጫኞች መንገድ አስፍተውታል፤ ከጎኑም ሌሎች መንገዶች ጠርገዋል። እኛ በልጅነታችን እያለከለክን የምንወጣው ሸንተረር ላይ ዛሬ ማንም ቡናውን እየጠጣ ፒካፑን ያቆማል። በዚያ ላይ የአጋዘን አደኑ መክፈቻ ቀን ከሰኞ ወደ ቅዳሜ ስለተዛወረ ከየከተማው ከሥራ ፈቃድ ሳይጠይቅ የሚመጣው በዝቷል። አባባ «የምስጋና ቀን የተርኪ ዶሯቸው ከጉሮሯቸው ሳይወርድ ይመጡብናል» እያለ ከሐሙስ ጀምሮ ሲብከነከን ሰነበተ። ጠመንጃውን ልወስድበት አልቻልኩም። ብቻውን ከሚሄድ አብሬው ብሄድ ይሻላል ብዬ የራሴን ወለወልኩ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ጫካው ስንደርስ መንገዱ ዳር የተደረደረው መኪና ሰርግ ያለ ያስመስል ነበር። በጫካው ውስጥ የእጅ ባትሪ ወዲህና ወዲያ ይላል። አባባ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ በቀጥታ ወደ ምንጩ፣ ወደ ትልቁ ሄምሎክ ዛፍ ሄደ፤ አያታችን የተቀመጠበት፣ እሱም ዕድሜውን ሙሉ ጀርባውን ያስደገፈበት። እዚያ ሰው ተቀምጧል። ስሙ ራሞን እንደሆነ፣ ከአለንታውን እንደመጣና ሥራው የግድግዳ ልስን እንደሆነ በኋላ ነው ያወቅሁት።

«ተነስ፣ ቦታዬ ነው» አለው አባባ። ሰውየው ረጋ ብሎ «አባባ፣ ደኑ እኮ የሕዝብ ነው» አለው። «ሕዝቡ እኔ ነኝ!» አለ አባባ። «እኔስ ታዲያ ምንድን ነኝ? ጉቶ ነኝ?» አለው ሰውየው። ሁለቱም ጠመንጃ ይዘው በጨለማ ተፋጠጡ። የአባባን ክንድ ይዤ እየጎተትኩ ወሰድኩት፤ «ሌባ!» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ እየወረወረ ተከተለኝ።

ቁልቁል ወርደን ያ ቆዳችንን ይቧጭረን የነበረው የላውረል ቁጥቋጦ ዳር ደረስን። እሱን ከታች ከወደቀ ግንድ ሥር አስቀምጬ እኔ አዳኝ ሁሉ እንዳይተኮስበት የሚለብሰው ብርቱካናማ ሰደርያው እንዲታየኝ ከፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ ኪሱ ከተተው፤ ተኩስ ሲሰማ ጭንቅላቴን ይወጋኛል ይላል። ሲነጋ ተኩሱ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣ ጀመር። አጋዘኖቹ መድረሻ አጥተው ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው ይሮጣሉ፤ ከኋላቸው ሰው፣ ከፊታቸውም ሰው ነው።

ከዚያ የአባባ ጠመንጃ ጮኸ። ያን ድምፅ ከመቶ መካከል እለየዋለሁ። የተመታ አጋዘን ተኝቶ እንዲደክም ትንሽ ይተዋል፤ ወዲያው ከተከተሉት አገር አቋርጦ ይሄዳል፤ ይህንን ያስተማረን እሱ ስለሆነ ይጠብቃል ብዬ እኔም ጠበቅሁ። ጭጋግ መጣና ጋረደኝ። ጭጋጉ ሲገፈፍ ከግንዱ ሥር አባባ የለም። አልጠበቀም ለካ። በዚህ ሁሉ ሰው መካከል አንዱ ቀድሞ አጋዘኑ ላይ የእኔ ነው የሚለውን የአዳኝ ምልክቱን ያስርበታል ብሎ ፈርቶ ሄዷል።

ወርጄ የደም ዱካውን ያዝኩ፤ ደረቁ ቅጠል ላይ ጠብ ጠብ ብሏል። ጥቂት እንደሄድኩ ብርቱካናማ ቆቡን ዝቅ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። ፈገግ አልኩ። ደሙ የጠፋብህ ቦታ ላይ ቆብህን ስቀል፣ ዞረህ ካጣኸው ወደ ቆብህ ተመለስ እያለ ነው ያሳደገን። ያኔ ቀይ የነበረውን ቆቡን ከሩቅ ማን ቀድሞ ያያል እያልን እንሽቀዳደም አልነበር? ቆቡን ኪሴ ከትቼ ቀጠልኩ። ደሙ እንደገና ታየ፣ ሳሳ፣ ላውረሉ አፋፍ ላይ ጠፋ። እዚያም ላይ ሰደርያው ተሰቅሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል።

ምን እንዳወለቀ ገባህ፣ ዌንደል? ከሰደርያው ሥር የሚለብሰውን ታውቀዋለህ፤ እማማ የሰፋችለት ቡናማ የሱፍ ካፖርት ነው፣ ነጭ የበግ ፀጉር አንገትጌ ያለው። በዚያ ሁሉ ጠመንጃ መካከል ጎንበስ ብሎ በቁጥቋጦ ውስጥ የሚሄድ ቡናማ ነገር ሆኗል፤ ጫፉ እንደ አጋዘን ጅራት ነጭ። ሸለቆው ውስጥ እኛና ጎረቤቶቻችን ብቻ በነበርንበት ጊዜ የለመደውን ነው ያደረገው። ያኔ ቆብ የሰቀለን ሰው ማንም አይተኩስበትም ነበር፤ ማን የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል።

ተጣራሁ። ማዳመጫው ኪሱ ውስጥ መሆኑን እያወቅሁ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ተጣራሁ። ስልኬ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ድንጋይ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ወደ መሬት ተኮስኩ፤ ሦስት ተኩስ እርዱኝ ማለት ነው፤ በመክፈቻ ቀን ግን ማን ልብ ይለዋል? ከማዶ አንዱ ተኩሶ ተኩሶ መለሰልኝ፤ እሱ ግን የሚተኩሰው አጋዘን ላይ ነበር። ወዲያው ደግሞ ከላውረሉ በላይ አንድ ጥይት ጮኸ። ቅርብ ነው፤ የአባባ ጠመንጃም አይደለም። ቆሜ ሌላ ድምፅ ጠበቅሁ፣ ምንም የለም። ከዚያ ሰደርያውን ከቅርንጫፉ መንጭቄ ወደ መንገዱ ሮጥኩ፤ እኔ ኢርማ፣ ደረጃ ስወጣ የማማርረው።

መንገዱ ላይ ሰዎች ከፒካፕ ኋላ ተደግፈው ሾርባ ያሞቃሉ። ሰደርያውን አሳይቼ «አባቴ ያለዚህ ላውረሉ ውስጥ ነው፣ አይሰማም» አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገኝም። በዚህ መሃል ያ የጠዋቱ ሰውዬ፣ ራሞን፣ ከጫካው ሮጦ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አባትሽ፣ ያ ሽማግሌው፣ ምንድን ነው የለበሱት?» አለኝ።

«ቡናማ ካፖርት» አልኩት። «አንገትጌው ነጭ ነው።»

መንገዱ መሃል ላይ ቁጭ አለ። «ቀንድ ነበረው» አለ። «ቡናማ ጀርባ፣ ነጭ ነገር፣ ከላዩ ቀንድ። በጠመንጃዬ መነጽር ይዤዋለሁ፣ ጣቴም ቃታው ላይ ነው። የቀንዱን ቅርንጫፎች እንደ ሕጉ ቆጠርኩ። ሁለት አገኘሁ፣ ሦስተኛውን አጣሁት። ትንሽ ዞር ይላል ብዬ ስጠብቅ አሳለ። እንደ ሰው አሳለ። ተጣራሁ፣ የሚመልስልኝ የለም፣ ከዓይኔም ጠፋ።»

«የተኮስከው አንተ ነህ?» አልኩት። «አይደለሁም፣ በእናቴ እምላለሁ አይደለሁም» አለ። እንግዲህ ሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ምን ላይ እንደተኮሰ ግን እዚያ የነበርነው ሁሉ አናውቅም።

ቀይ ፂም ያለው አንድ ግዙፍ ሰው ሾርባውን አስቀመጠና «ጥይታችሁን ከጠመንጃ አውጡ፤ እንነዳለን» አለ። አጋዘን ሲነዳ እንደሚደረገው ማለቱ ነበር፤ ተሰልፎ፣ እየጮኹ፣ ቁጥቋጦውን እየመቱ። የረገምኳቸው መንገዶች ያን ጊዜ ጠቀሙኝ፤ ፒካፖቹ በየአቅጣጫው እየበረሩ ጥሩምባ እየነፉ «አትተኩሱ፣ ሰው አለ» ሲሉ ተኩሱ ከሸለቆ ወደ ሸለቆ እየተቆረጠ ሄደ። በመክፈቻ ቀን እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ያስፈራል። ጠመንጃችንን መኪና ውስጥ ትተን፣ ጎን ለጎን ሆነን፣ ብርቱካናማ አጥር ሠርተን ላውረሉ ውስጥ ገባን። ራሞን አጠገቤ ነበር፤ በየእርምጃው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እኔ ቅጠሉን እያየሁ ካፖርቱን ወድቆ እንዳላገኘው እለምን ነበር።

ቆሞ አገኘነው። አጋዘኑን አግኝቶ፣ ምልክቱን አስሮበት፣ ቀንዱን በትከሻው ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ሲጎትተው ቆይቷል። ያ ሁሉ ሰው ከቁጥቋጦው ብቅ ሲልበት ሊቀሙት የመጡ መሰለው። ቀንዱን ለቆ ጠመንጃውን በሁለት እጁ ያዘ። «አንድ እርምጃ እንዳትጨምሩ! ምልክቴን አስሬበታለሁ!» አለ። ከዚያ ራሞንን ለየው። «አንተ! ዛፌ አልበቃህም?» አለው፣ አፈሙዙም ወደዚያው ዞረ። ብናገር እንደማይሰማኝ ስለማውቅ ሰደርያውን በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ወደ አፈሙዙ ሄድኩ። ሰደርያውን አየ። የራሱን ክንድ አየ። የተሰለፈውን ሰው ከዳር እስከ ዳር አየ። ጠመንጃው ቀስ እያለ ወረደ። «ቆቤስ?» አለኝ። ከኪሴ አውጥቼ እንደ ሕፃን ራሱ ላይ አጠለቅሁለት፤ ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ማዳመጫውን ካደረገ በኋላ ራሞን ሁሉንም ነገረው። ያን ቀንድ ቁጠሩ የሚለውን ሕግ አባባ እንዴት እንደሚጠላው ታውቃለህ፤ እኔ አዳኝ እንጂ የሂሳብ መምህር አይደለሁም እያለ ነው ያረጀው። በአንድ ወገን ሦስት ቅርንጫፍ ካልታየህ አትተኩስም፤ እሱም ባየው ወገን ሦስት ስለነበረ ነው የተኮሰው። አሁን ጎንበስ ብሎ ጓንቱን አወለቀ። «በየትኛው በኩል ነው ያየኸው?» አለ። «በዚህ» አለው ራሞን። አባባ በጣቱ አንድ፣ ሁለት ብሎ ቆጠረ፤ ሦስተኛው ከሥሩ ተሰብሯል፤ ከሌላ ወንድ አጋዘን ጋር ሲዋጋ ይሆናል። ጣቱን ስብራቱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

አጋዘኑን እስከ መንገዱ የጎተተው ራሞን ነው፤ ማንም እንዲረዳው አልፈቀደም። አባባ ምርጡን የጀርባ ሥጋ በራሱ ቢላዋ ቆርጦ ሰጠው። ከዚያ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ «ሄምሎኩ ሥር ስትቀመጥ ወደ ግራ ደገፍ በል፤ በቀኝ ያለው ሥር ጀርባ ይቆረቁራል» አለው።

ቀንዱን እንደ ሌሎቹ በረቱ ላይ አልቸነከረውም። ገበታው ላይ ነው ያለው፤ ባለፈ ቁጥር ስብራቱን ይነካዋል። ትናንት ማታ ጠመንጃውን ዘይት ቀባ፣ ያለ እሱ የማይተኩሰውን መቀርቀሪያ ፈትቶ አወጣና ከሳህኔ አጠገብ አስቀመጠው። «ለዌንደል ጻፊለት» አለኝ። «ምን ብዬ?» አልኩት። ሾርባውን ጨረሰ፣ ዳቦውን ጨረሰ፣ ከዚያ «ልክ ነበር በይው» አለ። ይህን ቃል ከአፉ እማማ እንኳ ሰምታው አታውቅም። አንተው ንገረው ስለው እናንተ ጋ አሁን ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀኝ። ከዚያ መሳቢያ ከፍቶ የማዳመጫውን ባትሪ ቀየረ።

ይህ ወረቀት ሲደርስህ ደውል፤ መጀመሪያ እሱ እንዲያነሳው ተወት አደርጋለሁ። ጆአንን በሁለት ጉንጯ ሳምልኝ። ለቴስ አክስትሽ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ሮጠች ብለህ ንገራት፣ አታምንህም። ለኬለብ የአጋዘን ቋሊማ ልልክለት ብፈልግ ጉምሩክ እንደሚወስድብኝ አስረዳው፤ የሱን ድርሻ እኔ እበላለታለሁ። አባባ ሰላም ብሎሃል፤ እንደ ሌላው ጊዜ እኔ ጨምሬ የጻፍኩት አይደለም፣ ራሱ ነው ጻፊ ያለኝ።

እህትህ ኢርማ

ሄምሎክ ፎርክ፣ ፔንሲልቬንያ
ዲሴምበር 4 ቀን 2019