ሃያ ስምንት ሰዓት

ልጄ ሙና፣ አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ ሰላምታዬ ሜልቦርን ድረስ ይድረስሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደብረ ታቦር ብርዱ በርትቷል። የአባትሽን የስፌት መኪና ወንድምሽ ነጂብ በጨርቅ ሸፍኖ አስቀምጦታል።

ስለ አባትሽ ቀብር «ለምን አልጠበቃችሁኝም?» ስትይኝ፣ የመስጊዱ ሽማግሌ ሐጂ ኸድር «ጀናዛ አይቆይም» አሉ ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ። እሳቸውማ «ልጅቷ ትጠበቅ ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ነጂብ አውሮፕላኑንም፣ ከባሕር ዳር የሚያመጣሽን መኪናም ደምሮ «ሃያ ስምንት ሰዓት» አለኝ። ጀናዛ ቤት ማሳደር ፈራሁና «ቅበሩ» ያልኩት እኔ ነኝ።

አባትሽ እኩለ ቀን ላይ አርፈው ከሰዓት በኋላ በዓስር ሶላት ሰዓት ተቀበሩ። ያኔውኑ ተነስተሽ ቢሆን በማግስቱ በዓስር ትደርሺ ነበር። በማግስቱ ልክ በዓስር በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ማንም የለም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ይንኳኳል፤ እኔም እከፍታለሁ። ነጂብ ምንም አይሰማውም።

ልጄ፣ አውፍ በይኝ፤ ይቅር በይኝ። ጌታዬ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ እንደኔ ካለው ጸጸት ይሰውርሽ። ስትመጪ ግን አደራ፣ በሩን ከማንኳኳትሽ በፊት «እማዬ» ብለሽ ጥሪኝ። ያ የሚያንኳኳው አይናገርም።

እናትሽ ሰዓዲያ