አሸዋው ላይ ያለው ጥላ

የካቲት 3፣ ቅዳሜ ማታ

ልጻፈው ወይስ ይቅር እያልኩ እስክሪብቶውን ሁለቴ አስቀመጥኩት። ደብተሬ፣ ዛሬ ከአስቴር ጋር ሆነን ደሴት ሠራን።

አስቴር የአክስቴ ልጅ ናት። ከጌጫ መጥቼ ሚዛን አክስቴ ዘንድ ከተቀመጥኩ ጀምሮ ፍራፍሬ ከመሸጥ በተረፈኝ ሰዓት የእሷ ፎቶ አንሺ እኔ ነኝ። ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ቀስቅሳ ወንዝ ወሰደችኝ። በጋ ስለሆነ ውሃው ሸሽቶ መሃሉ ላይ አሸዋ ወጥቷል። ጫፉ ላይ አንዲት የተንጋደደች ዘንባባ አለች። በወዲያ በኩል ባጃጅ ያጥባሉ፣ በወዲህ ከብት ይጠጣል። ስልኳን አሳየችኝ። ሰው ደሴት ሄዶ ሳያይና ሳያደርግ መመለስ የሌለበት ነገር ሁሉ ተጽፎበታል። ጀንበር ስትጠልቅ እጅ ዘርግቶ መቆም። በኮኮናት ቅርፊት ውስጥ ጭማቂ በስትሮ መጠጣት። መነጽር አድርጎ ውሃ ውስጥ ዓሣ ማየት። አንዱም አይቀርም አለች።

ከሁሉ በፊት ጀንበር ስትጠልቅ የሚለውን አነሳን። ጀንበሯ ገና እየወጣች ነበር። ለፎቶ መውጣትና መጥለቅ አንድ ነው አለች።

እበቱን ከአሸዋው ላይ በእጄ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ትኩስ ነበር። እሷ አፍንጫዋን ይዛ እዚያም አለ፣ እዚያም አለ እያለች በጣቷ ታሳያለች። ኮኮናት ስለሌለ ከአክስቴ መደብ የበሰበሰ አናናስ ወስደን ፈልፍለነዋል። ዝንብ ወረረን። እሷ ስትሮውን ይዛ ትስቃለች፣ እኔ ፀሐይን በጀርባዬ አድርጌ አነሳለሁ። ለዓሣው ደግሞ የሞተረኛ መነጽር ተውሳ መጥታለች። ፊቷን ውሃው ውስጥ ነክራ ስትወጣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አልቅት ተጣብቋል። ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

እጄን ሦስቴ በሳሙና ታጠብኩ። አሁንም ይሸተኛል።

የካቲት 5፣ ሰኞ

አስቴር ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ለጥፋዋለች። አስቴር ታኅሣሥን ሙሉ ጅማ ጓደኛዋ ቤት ነበረች። አሁን ግን ያኔ ደሴት ላይ ሆቴል ስሠራ ነበር ትላለች። አናናስ ለሚገዛ ሁሉ ስለ ባሕሩ ታወራለች። ውሃው ጨዋማ ነው፣ አሸዋው እግር አያቆሽሽም። ያ አሸዋ። አክስቴ እየሰማች ፈገግ ትላለች።

አናናሱን እየጠቀለልኩ ለገዢ እሰጣለሁ። ሌላ ምን አውቃለሁ። ከሰባተኛ ክፍል ት/ቤት የተውኩትም መምህሩ ተነሺና አንብቢ ባለኝ ቁጥር ድምፄ ስለሚጠፋ ነው።

የካቲት 11፣ እሑድ

ጎረቤታችን ዘውዴ መጣች። ያለችኝ ጓደኛ እሷ ብቻ ናት። እኔ ሳልናገር የምታወራኝ ሰው። ስልኳ ላይ የአስቴር ፎቶዎች አሉ። የላከላት ሥራ አገናኝ ነኝ የሚል ሰውዬ ነው። ዘውዴም እዚያው ደሴት ሆቴል አልጋ ለማንጠፍ ትሄዳለች። አስቴርን ሄዳ ጠየቀቻት፣ እውነት ነው አለቻት። ፎቶውን ማን አነሳሽ ስትላት፣ የሆቴሉ ሠራተኛ አለቻት። ለሰውዬው ለመክፈል እናቷ ጊደሯን ሸጠዋል። ዘውዴ ይህን ሁሉ ነግራኝ ደስ አላለሽም ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

አቮካዶው ሊበስል ነው አልኳት። በእግዚአብሔር ስም፣ አቮካዶው ሊበስል ነው።

ስትሄድ አስቴርን ሽንኩርት እየላጠች አገኘኋት። ሰውዬው የሚልካቸው ልጆች የሚሄዱት የት ነው አልኳት። ቀና አላለችም።

“እኔ ምን አውቄ። የሚወስዳቸው ሰውዬው ነው። እኔ ገንዘብ የማገኘው በላኩለት ሰው ልክ ነው።”

አሁን የምትሄደው ዘውዴ ናት እኮ አልኩ። ያኔ ቀና አለች።

“ተናገሪና እማዬ በማግስቱ ጌጫ ትመልስሻለች። ደግሞስ ያነሳሽው አንቺ አይደለሽ?”

ሽንኩርቱን እኔ ጨረስኩላት። ለምን እንደጨረስኩላት አላውቅም። ሁለታችንም እንሸታለን።

የካቲት 14፣ ረቡዕ

አንዲት እናት ሙዝ ሊገዙ መጡ። የመጡት ቱም ከምትባል ከተማ ነው። ልጃቸው ዓምና በዚሁ ሰውዬ በኩል ነው የሄደችው። ሚዛን የሚመላለሱት እሱን ፍለጋ ነው። ልጅቷ አንድ ጊዜ ደውላ ቤት እንደተቆለፈባት፣ የአገሩን ስም እንኳ እንደማታውቀው ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲያ ስልኳ ዝግ ነው። ሙዙን ይዘው ሳይከፍሉ ሄዱ። ረስተው ነው። አልጠራኋቸውም።

አስቴር አጠገቤ ቆማ ሰምታለች። ጥፍሯን ቀለም ትቀባ ነበር። ሌላውን እጇን መቀባት ቀጠለች።

የካቲት 16፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ከዘውዴ ቤት አሁን መመለሴ ነው። የመሸኛ ጸሎት ነበር። እሑድ ንጋት ላይ ትሳፈራለች።

ቤቱ ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆሟል። ተዘመረ። ከዚያ ዘውዴ ስልኳን ሰጠች፣ የምትሄድበትን አገር ሁሉም እንዲያየው። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሴቶቹ ዓይናቸውን ያብሳሉ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ለእኛ ልጅ ይላሉ። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ስልኩ ላይ እጃቸውን ጭነው ባረኩት። ያን አሸዋ። እበቱን ያነሳሁበትን። ሁሉም አሜን አለ። አፌም አብሮ አሜን አለ፤ ምላሴን ልቆርጠው ደረስኩ።

በመጨረሻ ሽማግሌው ቃል ያለው ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ቆሜ ተገኘሁ። ሁሉም ዞረ።

“በይ ልጄ፣ ተናገሪ።”

አጠገቤ የነበረውን ባዶ ብርጭቆ አነሳሁ። አስቴር ከወዲያ በኩል ቀስ ብላ፣ “ሻይ ልታመጣ ነው የተነሳችው” አለች። ሳቁ። የዘውዴ እናትም ሳቁ። ሄጄ ሻይ አመጣሁ፤ ለአስቴርም ቀዳሁላት። ስኳር ጨመርኩላት።

ደብተሬ፣ እንደዛሬ ራሴን ተጸይፌ አላውቅም።

ግን አንድ ነገር አለ። ስልኩ ዞሮ እኔ ጋም ደርሶ ነበር። የአናናሱ ፎቶ ነው። ከአስቴር እግር ሥር፣ አሸዋው ላይ፣ የሰው ጥላ ተኝቷል። ሁለት ክርን ወደ ላይ ተነሥቷል። ራሱ ላይ የሻሽ ቋጠሮ አለ፣ ሁለት ጫፉ እንደ ፍየል ጆሮ የቆመ። እንዲያ የማስረው እኔ ብቻ ነኝ፤ ዘውዴ ራሷ ሁልጊዜ ትስቅብኛለች። ያ ሁሉ ሰው አየውና ማንም ልብ አላለውም።

መናገር አልችልም። ይህ ተረጋግጧል። ዘውዴን ግን ነገ ወንዝ ወርደን ልብስ እንጠብ፣ የመጨረሻችን ነው እላታለሁ። ለዚህ የሚበቃ ድምፅ አለኝ። እምቢ አትለኝም። ስልኳን እንዳትረሳ እነግራታለሁ።

ጌጫ መመለስ ካለብኝም እመለሳለሁ። ያለኝን ልብስ በፌስታል ቋጥሬያለሁ፣ ያንን ሻሽ ብቻ አስቀርቼ።

ነገ ጠዋት ዘንባባዋ ሥር አቆማታለሁ። ፎቶውን ከፍታ ትያዘው። እኔ ያን ቀን የቆምኩበት ላይ ፀሐይን በጀርባዬ አድርጌ እቆምና፣ ጥላዬ እግሯ ሥር እንዲወድቅ፣ ሁለት ክርኔን አነሳለሁ።